ለብቻ የሚሠራ ሥራ፦ የምሕንድስና መመረቂያ ፕሮጀክት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1747 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው የመንገድና የድልድይ ሥራ ትምህርት ቤት መምህር አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኃላፊው ዣን ሮዶልፍ ፔሮኔ የንጉሡን መንገዶች ካርታ የሚሠሩ ወጣት ነዳፊዎችን አሰባሰበና በጂኦሜትሪ የበረቱት የደከሙትን እንዲያስተምሩ አደረገ። ወንበር ተሰጥቶት የሚያስተምር ፕሮፌሰር አልተቀጠረም። የተማሪው ደረጃ የሚለየው በየዓመቱ በሚካሄዱ ውድድሮች ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ የንድፍ ውድድር ነበር። ድልድይ ንደፍ ይባላል፤ ወረቀቱን ዘርግቶ ለብቻው ይነድፋል፤ ሥራው ከባልንጀሮቹ ሥራ ጋር ተነጻጽሮ ይዳኛል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

ዛሬ የምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክትን የሚያስበው የትምህርቱ ማሳረጊያ አድርጎ ነው። አራት አምስት ዓመት ሌክቸር ሰምቶ፣ ሚድና ፋይናል ተፈትኖ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር “ፕሮጀክት” ይመጣል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቀድሞ የነበረው ፕሮጀክቱ ነው፤ ሌክቸሩና ፈተናው በኋላ መጥተው ቦታውን ወሰዱበት፤ እርሱም እየተገፋ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ደረሰ። በየዘመኑ ሊያስቀሩት የሞከሩ ሁሉ መልሰው የሚያመጡት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ መነሣት ያስፈልጋል።

ቦታውን የወሰደበት በመጀመሪያ ሒሳብ ነው። በ1794፣ የፈረንሳይ አብዮት ገና ሳይበርድ፣ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። የዘመኑ ትልልቅ የሒሳብ ሊቃውንት እዚያ አስተማሩ፤ ጎበዝ ተማሪ ማለትም ሰሌዳ ፊት ቆሞ ቀመሩን የሚያወጣ ማለት ሆነ። ፋብሪካ የሚያቆም፣ ማሞቂያ የሚሠራ፣ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋ ሰው ግን በቀመር ብቻ አልተገኘም። በ1829 አልፎንስ ላቫሌ የተባለ ነጋዴ ከሦስት የሳይንስ ሰዎች ጋር፣ ከዱማ፣ ከፔክሌና ከኦሊቪዬ ጋር፣ ተማክሮ ኤኮል ሳንትራል የተባለውን ትምህርት ቤት በግል አቋቋመ። ሦስት ዓመት ይፈጃል። የተለየ ያደረገው፣ ተማሪው በመጨረሻ ከተሰጠው የኢንዱስትሪ ጉዳይ ላይ ሙሉ ንድፍ ሠርቶ በዳኞች ፊት ቀርቦ እንዲሟገትለት መደረጉ ነው። ዛሬ ዲፌንስ የምንለው ነገር በምሕንድስና ትምህርት መልክ ይዞ የምናየው እዚህ ነው።

ከዚህ ቤት ጉስታቭ ኤፌል በ1855 ወጣ፤ የዓለም ዝነኛው የብረት ማማ በስሙ የሚጠራለት ሰው የተመረቀው በኬሚስትሪ ዘርፍ ነበር። በዓመቱ ዊልያም ለባሮን ጄኒ የተባለ አሜሪካዊ ተከተለ፤ እርሱም በ1885 ቺካጎ ውስጥ በብረት አጽም የቆመውን የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ አሠራ። ለዚህ ያበቃቸው የመመረቂያ ንድፋቸው ነው የሚል ሙግት የለኝም። ኬሚስትሪ ያጠናን ሰው ወደ ብረት የሚወስደው መንገድ ብዙ ነው። ሆኖም ሁለቱም ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው “ይህን እኔ ነደፍሁት፤ ጠይቁኝ” ማለትን ተምረው ወጥተዋል።

ሐሳቡ አትላንቲክን ተሻግሮ ሥር የሰደደው ቦስተን ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሁሉም ኤምአይቲ የሚለው፣ ቻርተሩን ያገኘው በሚያዝያ 1861፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ስለዚህ ማስተማር የጀመረው በ1865 ሆነ፤ በ1868 የመጀመሪያዎቹን 14 ተማሪዎች አስመረቀ። መሥራቹ ዊልያም ባርተን ሮጀርስ ተማሪ በላቦራቶሪ እጁን ሳያስገባ መሐንዲስ አይሆንም ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር፣ ተመራቂው የራሱን የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቶ እንዲያስገባ ከመጀመሪያው ተደነገገ።

ከእነዚያ ጽሑፎች ሦስቱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሥራው “የግል” መሆን ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ እነርሱ ከማንም መምህር በተሻለ ያሳያሉና።

ኤለን ስዋሎ በኤምአይቲ የተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ስትገባ ክፍያ አልተጠየቀችም፤ ነገሩ ቸርነት መስሏት ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን “ሴት ለምን ገባች” የሚል ተቃዋሚ ቢመጣ፣ ኃላፊዎቹ “ተማሪያችን አይደለችም” ማለት እንዲችሉ ነበር። በ1873 ስትመረቅ ያስገባችው ሥራ ከኮሎራዶ የመጡ፣ አርሰኒክና አንቲሞኒ ከሰልፈር ጋር የተዋሐዱባቸው ማዕድናት ኬሚካላዊ ትንተና ነው። በኋላ የማሳቹሴትስን የመጠጥና የወንዝ ውኃ በሺዎች በሚቆጠሩ ናሙናዎች የመረመረውን ላቦራቶሪ ሥራ የመራች እርሷ ናት። ሶፊያ ሄይደን በ1890 ከአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል ስትወጣ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነድፋ አስገባች፤ በዓመቱ በቺካጎው የ1893 ዓለም አቀፍ ትርኢት ለሚቆመው የሴቶች ሕንፃ የወጣውን ውድድር አሸነፈች። ሮበርት ቴይለር፣ የኤምአይቲ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራቂ፣ በ1892 ያቀረበው ለጦር ጡረተኞች የሚሆን መኖሪያ ንድፍ ነበር፤ ከዚያ አላባማ ወርዶ በተስኪጊ ትምህርት ቤት ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ሠራ። የተስኪጊ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በእርሱ ንድፍ፣ ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት ሸክላ ጡብ የቆሙ ናቸው።

እነዚህ ሦስት ሰዎች በዚያ ዘመን በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ ሠርተው ቢሆን ኖሮ፣ ሥራው የእነርሱ ነው ብሎ የሚያምን ስንት ሰው ይገኝ ነበር? መኖራቸው ራሱ አከራካሪ የነበረ ተማሪዎች ናቸው። በስማቸው የተመዘገበው፣ ለብቻቸው የተጠየቁበት ሥራ ማንም የማይነጥቃቸው ማስረጃ ሆነላቸው። ስለ ግል ፕሮጀክት ጥቅም በትምህርት ባለሙያዎች የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ “ራስን ችሎ መማር” ስለሚባል ነገር ነው። እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህኛው ነው፤ ከደሃ ቤት፣ ከሩቅ ገጠር፣ ወይም ካልተለመደ ወገን የመጣ ተማሪ ችሎታውን ከጎኑ ካለው ሰው ለይቶ የሚያሳይበት አጋጣሚ ነው።

ወደ ጀርመን ስንሻገር ነገሩ የማዕረግ ጉዳይ ይሆናል። የጀርመን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲዎች በታች እየተቆጠሩ ብዙ ዓመት ኖረዋል። በ1899 ካይዘር ዊልሄልም ሁለተኛው፣ የበርሊኑ ሻርሎተንቡርግ ትምህርት ቤት መቶኛ ዓመት በሚከበርበት ወቅት፣ ለፕራሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የዶክትሬት ዲግሪ የመስጠት መብት ሰጠ፤ ዲፕሎም ኢንጂነር የሚለው ማዕረግም አብሮ ቆመ። ማዕረጉ የሚገኘው ዲፕሎማርባይት በሚባል፣ ብዙ ወራት በሚፈጅ የግል ሥራ ነበር። ፕሮፌሰሩ ርዕስ ይሰጣል፤ ተማሪው ላቦራቶሪ ወይም ፋብሪካ ይገባል፤ ያለ ማንም እርዳታ የሠራው ስለመሆኑ ፈርሞ ያስረክባል። በ1999 የቦሎኛ ስምምነት ተፈርሞ ዲፕሎሙ ለባችለርና ለማስተርስ ሲለቅ፣ በባችለሩ በኩል ያለው የግል ሥራ በጣም አጠረ። የጀርመን ደንብ አሁን የሚፈቅድለት ከ6 እስከ 12 ክሬዲት ነው፤ አንድ ክሬዲት ቢበዛ 30 ሰዓት ነውና፣ ረጅሙ ሥራ እንኳ 360 ሰዓት አይበልጥም። የድሮዎቹ ዲፕሎም ኢንጂነሮች በዚህ ሲያጉረመርሙ መስማት የተለመደ ነው።

ለእኛ አገር የበለጠ የሚቀርበው ግን የሶቪየቱ መልክ ነው። እዚያ ኢንጂነር የሚባለው አምስት ዓመት ተምሮ፣ የዲፕሎም ፕሮጀክቱን በመንግሥት የፈተና ኮሚሽን ፊት አቅርቦ ሲያልፍ ነበር። የሚቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በኤ1 ወረቀት፣ 594 በ841 ሚሊ ሜትር በሆነው፣ የተነሡ የንድፍ ሥዕሎች ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ተማሪው በዘንግ እያመለከተ ያስረዳል። ሁለተኛው የማብራሪያ ጽሑፉ ነው። ጽሑፉ ስሌቱን ብቻ ቢይዝ አይበቃም፤ የኢኮኖሚ ምዕራፍና የሠራተኛ ደኅንነት ምዕራፍ ግዴታ ነበሩ። ማሽኑ ስንት ያወጣል? እጁን የሚቆርጠው ማንን ነው? ይህን መመለስ ነበረበት። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ገምጋሚም አስቀድሞ አንብቦ አስተያየቱን ይጽፋል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሄደው ተምረዋል፤ በምሕንድስና የተመረቁትም በዚህ ወንፊት አልፈው የመጡ ናቸው። የሶሻሊዝሙን ብዙ ነገር ብንተቸውም፣ የደኅንነት ምዕራፍ የሌለው የመመረቂያ ሥራ አናይም ማለታቸው ልክ ነበር። እኛም ባናስቀረው ይሻል ነበር።

እንግሊዞች ዘግይተው መጡ። ለረጅም ጊዜ መሐንዲስ የሚወጣው ከባለሙያ ሥር ሠልጥኖ ነበርና ዩኒቨርሲቲው እምብዛም አልተጨነቀበትም። በ1955 የቴክኖሎጂ ዲፕሎማ የሚሰጥ ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ተማሪው ጊዜውን ለኮሌጅና ለፋብሪካ እየከፈለ እንዲማር፣ የፕሮጀክት ሥራም እንዲሠራ ተደረገ። በ1964 የተተካው ምክር ቤት ይህንኑ አሠራር በፖሊቴክኒኮቹ አስፋፋው። በ1980 የወጣው የፊኒስተን ሪፖርት የአገሪቱ መሐንዲሶች አሠለጣጠን ከተግባር ርቋል ብሎ ካስደነገጠ በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ ጠነከረ። ዛሬ የብሪታንያ የሙያ ማኅበራት አንድን የቢኢንጂ ፕሮግራም ዕውቅና ሲሰጡ የግል ፕሮጀክት መኖሩን ይጠይቃሉ፤ ወደ ኤምኢንጂ ለሚቀጥል ደግሞ የቡድን ፕሮጀክት ይጨመርበታል። አንዱ ሌላውን አይተካም ማለታቸው ነው። ከሁሉም የተሻለ ብዬ የማስበው ይህን አሠራር ነው።

አሜሪካኖቹ ግን፣ ነገሩን ያስፋፉት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ከግል ሥራ ሸሹ። ሽሽቱ የተጀመረው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1955 የወጣው የግሪንተር ሪፖርት የምሕንድስና ትምህርት በሳይንስና በሒሳብ እንዲጠነክር መከረ፤ በ1957 የሶቪየቶቹ ሳተላይት ስፑትኒክ ሲመጥቅ ምክሩ ትእዛዝ ሆነ። ካሪኩለሙ በቴርሞዳይናሚክስና በዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ሞላ፤ ንድፍ ሳሳ። ኩባንያዎች “የምትልኩልን ልጆች እኩልዮሽ ይፈታሉ፤ የሚሠራ ነገር ግን አያወጡም” ማለት ጀመሩ። መልሱ በ1963 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሃርቪ መድ ኮሌጅ መጣ፤ ኢንጂነሪንግ ክሊኒክ ብለው ባቋቋሙት ፕሮግራም እውነተኛ ኩባንያ እውነተኛ ችግሩን ይዞ ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ተማሪዎች በቡድን ይሠሩታል። በ1970 የዉስተር ፖሊቴክኒክ ትምህርቱን በሙሉ በፕሮጀክቶች ዙሪያ አዋቀረ። በመጨረሻም ዕውቅና ሰጪው አካል ኤቤት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጣው አዲስ መመዘኛ፣ ከተለያየ ሙያ ከመጡ ሰዎች ጋር በቡድን የመሥራት ችሎታን ከተመራቂ ከሚጠበቁት ነገሮች መካከል አሰፈረ። ከዚያ በኋላ ካፕስቶን (የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚጠሩበት ስም ነው) ሲባል አራት አምስት ተማሪ የሚሠራው ሥራ ማለት ሆነ።

ምክንያታቸው ውድቅ አይደለም። አውሮፕላን ለብቻው የሚሠራ ሰው የለም። ግን የቡድኑ ጠበቆች ሁልጊዜ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱን የሚያሳየው ታሪክ ደግሞ የተፈጠረው እዚያው አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ውስጥ ነው።

በ1978 ዳያን ሃርትሊ የተባለች የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው በኒው ዮርክ ገና ማለቁ የነበረውን የሲቲኮርፕ ሕንፃ ነው። አማካሪዋ ስለ ድልድዮችና ስለ ቀጭን መዋቅሮች ውበት ብዙ የጻፈው ዴቪድ ቢሊንግተን ነበር። ሕንፃው 59 ፎቅ፣ 279 ሜትር ነው። ከአንዱ ጥግ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ፣ ምሰሶዎቹ ጥግ ላይ ሳይሆን የየጎኑ መሐል ላይ ቆሙ፤ ዘጠኝ ፎቅ ያህል ከፍታ ያላቸው እግሮች ላይ የተቀመጠ ማማ ማለት ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው ያለው ጫና ተሰልቷል፤ የሕንፃ ኮዱም የሚጠይቀው ያንን ነበር። ሃርትሊ ነፋሱ በጥግ በኩል፣ ሁለቱን ጎኖች በአንዴ ሲመታ የሚሆነውን ለራሷ አሰላችና ጫናው ከፍ ብሎ አገኘችው። ወደ መዋቅር መሐንዲሱ ቢሮ ደውላ ጠየቀች። ሕንፃው ይችለዋል ተባለች፤ መልሱን ይዛ ጽሑፏን ጨርሳ ተመረቀች።

የሕንፃው መዋቅር መሐንዲስ ዊልያም ለሜዠር፣ ከአንድ ተማሪ ጥያቄ መነሻ ስሌቱን እንደገና እንዳየ በኋላ ተናግሯል። በጥግ የሚመጣ ነፋስ በአንዳንድ ዐቢይ ብረቶች ላይ ጫናውን በ40 በመቶ፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ በ160 በመቶ እንደሚያሳድገው አወቀ። መጋጠሚያዎቹም በዕቅዱ እንደነበረው በብየዳ ሳይሆን፣ በግንባታ ወቅት በተደረገ ለውጥ በቡሎን ታስረው ተገኙ። በዚያ በጋ፣ ሠራተኞች ከቢሮ ሲወጡ በየማታው በያጆች እየገቡ ከ200 በላይ መጋጠሚያዎች ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ብረቶች በየዱ። በመሐሉ ኤላ የተባለች ማዕበል ወደ ጠረፉ ስትቃረብ ከተማዋን ለማስለቀቅ ዕቅድ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ማዕበሏ ወደ ባሕር ዞረች። የኒው ዮርክ ጋዜጦች በነሐሴ የሥራ ማቆም አድማ ስለመቱ ወሬው ሳይወጣ ቀረ። ሕዝቡ የሰማው በ1995፣ ኒውዮርከር መጽሔት ሲያወጣው ነው። ሃርትሊም የራሷን ድርሻ የጠረጠረችው ታሪኩን ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ስታይ ነበር። ለሜዠር ያነሣው ተማሪ እርሷ ነች ወይስ ሌላ ሰው የሚለው እስካሁን አከራካሪ ነው፤ አደጋው የተባለውን ያህል ነበር ወይ ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎችም አሉ። ክርክሩ የሥራውን ዋጋ አይቀንሰውም። አንዲት የ20ዎቹ ዕድሜ ልጅ ኮዱ ያልጠየቀውን ጠየቀች፤ የጠየቀችውም ጽሑፉ የራሷ ስለነበርና ስሌቱን የሚያይላት ሌላ የቡድን አባል ስላልነበረ ነው። በቡድን ውስጥ “ያንን እገሌ አይቶታል” የሚል መጠጊያ አለ። ለብቻው የሚሠራ ሰው ያ መጠጊያ የለውም።

ወደ እኛ ልምጣ። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ቤት ተማሪ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ስለያዘ አይመረቅም፤ መምህሩ ፊት የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ ይቀርባል፤ የተነገረ ቅኔ ደግሞ አይደገምም። ዘመናዊው ምሕንድስና የገባው ግን ከውጭ፣ ያውም ከብዙ አቅጣጫ ነው። የአዲስ አበባው የምሕንድስና ኮሌጅ በ1952 ሲከፈት ትምህርቱ አጭር ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ዲግሪ አደገ። በ1954 ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከማስተማር ባሻገር የግንባታ ዕቃ ፍተሻና የቤት አሠራር ምርምርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዘ። በ1963 ሶቪየቶች የባሕር ዳርን ፖሊቴክኒክ አቋቋሙ። በ1969 የአምስት ኪሎው የምሕንድስና ኮሌጅና የልደታው የሕንፃ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተባሉ። አሜሪካዊ፣ ስዊድናዊ፣ ሕንዳዊ፣ ኋላም ከምሥራቅ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ እየተፈራረቀ ያስተማረበት ቤት ስለሆነ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንም የሁሉም ቅልቅል ነው፤ አርዕስት አወጣጡ ከአንዱ፣ ዲፌንሱ ከሌላው።

ከ1964 ጀምሮ የነበረውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሳላነሣ አላልፍም። ተማሪው ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፣ አብዛኛው እያስተማረ፣ ማገልገል ነበረበት። ፕሮጀክት አይባልም፤ ነገር ግን ወጣቱን ከመጽሐፍ ነጥሎ ያለ ጓደኛ የመጣል ጉልበት ነበረው።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው በቁጥር ነው። ለረጅም ዘመን በምሕንድስና የሚመረቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ አንድ አድቫይዘር ተማሪዎቹን በስም ያውቃቸዋል። ከ2000 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቂት ወደ ብዙ ዐሥሮች በዙ፤ በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የሰባ ሠላሳ ቅበላ፣ ከመቶው ሰባ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲያደርግ፣ የምሕንድስና ክፍሎች ሞልተው ፈሰሱ። መንግሥት ከጀርመን ጋር በመሠረተው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ካሪኩለሙ ተቀየረ፤ አንድ ሴሚስተር የሚፈጅ ኢንተርንሺፕ ገባ፤ ይህ ጥሩ ነበር። ፕሮጀክቱ ግን ከብዛቱ የተነሣ የቡድን ሥራ ሆነ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሆነው አንድ ርዕስ ይይዛሉ። አሜሪካኖቹ ወደ ቡድን የሄዱት ኩባንያ ስለጠየቃቸው ነው፤ እኛ የሄድነው አድቫይዘር ስለጠፋ ነው። ውጤቱ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም።

ጂሲ፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት ተመራቂ፣ ሆኖ ግቢ ውስጥ የከረመ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ርዕስ ይጸድቃል፣ ፕሮፖዛል ይገባል፣ አድቫይዘር ይመደባል፣ በመሐል ፕሮግረስ ይቀርባል፤ በመጨረሻ ግንቦትና ሰኔ ላይ የግቢው አካባቢ ጽሕፈት ቤቶች በፕሪንትና በጥረዛ ይጨናነቃሉ። ሲቪሎቹ ብዙ ጊዜ የሚይዙት የጂ ፕላስ ሕንፃ ዲዛይን ነው። የአምናው ጂ ፕላስ ሰባት፣ ስፋቱ ትንሽ ተቀይሮ፣ ኢታብስ በሚባለው የመዋቅር ስሌት ሶፍትዌር ላይ እንደገና ተጭኖ፣ በፍላሽ ከባች ወደ ባች ይወርዳል። በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ በ2015 በአዲስ ሲተካ እንኳ፣ ጽሑፉ ውስጥ የድሮው ኮድ ቀመር ሳይነካ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ኤሌክትሪካሎቹ አርዱዪኖ ገዝተው መስኖ የሚከፍት፣ የመንገድ መብራት የሚያበራ ነገር ይሠራሉ፤ ሜካኒካሎቹ የእንጀራ ምጣድ ኃይል መቆጠብን ደጋግመው ይነካሉ፤ እውነትም የሚነካ ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ተማሪው ሙቀት ወዴት እንደሚባክን ምጣዱን በእጁ ነክቶ ያውቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከአምስቱ ሁለቱ ሌሊት ሲሠሩ ያድራሉ፤ አንዱ ጽሑፉን ያስተካክላል፤ ሌላው ሱፍ ያዘጋጃል። ውጤቱ ለአምስቱም አንድ ነው።

በዚህ መሐል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ማለፊያው ከመቶ 50 ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ግማሽ ያህሉ እንኳ አላለፉም። ፈተናውን መንግሥት ለምን እንዳመጣው ይገባኛል፤ በቡድን ውጤት ማን ምን እንደሚያውቅ መለየት ካልተቻለ፣ አንድ በአንድ የሚለይ ነገር መፈለጉ አይቀርም። ነገሩ ግን ፓሪስ ላይ በ1794 የሆነውን ይመስላል፤ ንድፉ ሲደክም ፈተናው ቦታውን ይወስዳል። ምርጫ ያለው ጥያቄ፣ መልሱ አስቀድሞ በሌላ ሰው የተጻፈ ጥያቄ ነው። ሃርትሊ ያነሣችውን የጥግ ነፋስ ማንም ፈታኝ በምርጫ ሊያወጣው አይችልም፤ በጊዜው መልሱን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መጥተዋል። ተማሪው ኮድ ያስጽፋል፣ የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ ያስጽፋል፣ እንግሊዝኛውን ያሳምራል። ብዙ መምህራን በዚህ ተደናግጠው የተጠረዘውን ጽሑፍ እንደ ወንጀል ማስረጃ ይመረምራሉ። ድንጋጤው ይገባኛል እንጂ መፍትሔው ያረጀ ነው፤ ዳኞች ፊት መቆም። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ሳይሆን፣ ምሰሶው ለምን 40 በ40 ሆነ፣ አፈሩ ቢቀየር መሠረቱ ምን ይሆናል፣ ይህን ሬዚስተር ብታወጣው ምን ይቃጠላል ተብሎ ሲጠየቅ ማሽኑ አብሮት አይቆምም። የሶቪየቱ ኮሚሽንም የኤኮል ሳንትራሉም ዳኞች የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ የሚቀረው ሰዓት ነው። አንድ ትምህርት ክፍል 100 ተመራቂ አለው እንበል። በአምስት በአምስት ሲከፋፈሉ 20 ዲፌንስ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ 10 ሰዓት፣ ማለትም ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። ሁሉም ለየብቻው ቢቀርብ 50 ሰዓት ነው። ርዕሱ የቡድን ሆኖ፣ ምዕራፉ በየስሙ ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ስለራሱ ምዕራፍ ለ15 ደቂቃ ብቻውን ቢጠየቅ ደግሞ 25 ሰዓት ይፈጃል። ሦስት መምህራን ያሉት አንድ የዳኞች ቡድን በቀን ስድስት ሰዓት ቢቀመጥ አምስት ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ሁለት ቡድን ቢቋቋም በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ተማሪው ይህን ሥራ ለመያዝ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተሰጥቶታል።